የአመራር ገጹ ላይ የተደረደሩት ጡረተኛ መኮንኖች ምን ይሠራሉ?

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ነው። ጠያቂዋ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ትኖራለች። ሲስተምስ ኢንጂነር ናት፤ እስካሁን የሠራችው በሲቪል ኩባንያ ነው። አሁን ለአሜሪካ ባሕር ኃይል የምሕንድስና አገልግሎት የሚሰጥ፣ ሦስት መቶ ገደማ ሠራተኛ ያለው ኮንትራክተር የቅጥር ደብዳቤ ልኮላታል። ከመፈረሟ በፊት የኩባንያውን የአመራር ገጽ ከፍታ አየች። ዘጠኝ ሰው አለ። ስድስቱ ጡረተኛ መኮንኖች ናቸው። አንዱ ከኢንቨስትመንት ድርጅት የመጣ፣ አንዷ የሒሳብ ኃላፊ፣ አንዱ መሥራቹ። «ጋሼ፣ እነዚህ ሰዎች ምሕንድስና ያውቃሉ ወይስ በትውውቅ ነው የተሰበሰቡት? ልፍራ ወይስ ልፈርም? እንደኔ ያለ ሰውስ እዚያ ገጽ ላይ ይደርሳል?» ትላለች።

እህቴ፣ ጥሩ ቦታ ነው ያየሽው። ብዙው ሰው ደመወዙንና የዕረፍት ቀኑን አይቶ ይፈርማል። እኔ በዚሁ በሰሜን ቨርጂኒያ ለእንዲህ ዓይነት ኩባንያዎች የጨረታ ሰነድ በማዘጋጀት ነው የኖርኩት። እነዚህን የሕይወት ታሪኮች መጻፍም፣ የተወዳዳሪን ማንበብም እንጀራዬ ነው። እንደማነባቸው ላሳይሽ። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ነገር፣ ያ ገጽ ላንቺ አልተጻፈም። የተጻፈው ለገዢው ነው። ገዢው ደግሞ አንድ ነው፣ የአሜሪካ መንግሥት። እንዲህ ያለ ኩባንያ መደርደሪያ ላይ የሚያስቀምጠው ዕቃ የለውም። የሚሸጠው የሰው ሰዓት ነው። የእሱም የተወዳዳሪውም ኢንጂነሮች ተመሳሳይ ዲግሪና ተመሳሳይ ክሊራንስ (ምስጢራዊ ሥራ ለመሥራት መንግሥት የሚሰጠው ፈቃድ) ነው ያላቸው። ኮንትራቱ ወደ ሌላ ኩባንያ ሲሄድ አብዛኛውን ጊዜ ሰውየው ራሱ ባጁን ብቻ ቀይሮ እዚያው ወንበር ላይ ይቀመጣል። ታዲያ ገዢው በምን ይለያቸው? በዋጋ፣ ከዚህ በፊት በሠሩት ሥራ፣ ከዚያ ደግሞ «እነዚህ ሰዎች ችግሬን ያውቁታል» ብሎ በማመን። የአመራር ገጹ ይህን የመጨረሻውን ነው የሚሸጠው።

ስለዚህ የጡረተኛ መኮንን መብዛት ብቻውን አያስደነግጥም። የኮንግረስ ኦዲት መሥሪያ ቤት፣ ጂኤኦ የሚባለው፣ በ2021 ባወጣው ሪፖርት 14 ትልልቅ የመከላከያ ኮንትራክተሮች በ2019 የነበሯቸውን የቀድሞ የፔንታጎን ከፍተኛ ኃላፊዎችና የግዢ ባለሥልጣናት ቆጥሮ 1,718 አግኝቷል። ሰፈሩ እንዲህ ነው። ዋናው ጥያቄ መኮንኖቹ የመጨረሻ ሥራቸው የት ነበር የሚለው ነው።

አንድ አንቀጽ ወስደን አብረን እናንብብ። እኔ የፈጠርኩት ነው፣ ግን ቢጤውን ሁሉም ቦታ ታገኚዋለሽ። «ካፕቴን እገሌ ከ27 ዓመት አገልግሎት በኋላ በ2021 ከባሕር ኃይል በጡረታ ተሰናብተዋል። የመጨረሻ ኃላፊነታቸው በናቭሲ የፕሮግራም ማናጀርነት ነበር። ከዚያ በፊት የጦር መርከብ አዛዥ ነበሩ። ከባሕር ኃይሉ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤት በኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ ማስተርስ አላቸው።»

ሰው መጀመሪያ የሚያየው ማዕረጉን ነው። እሱን ለመጨረሻ ተዪው። በነገራችን ላይ የባሕር ኃይል ካፕቴን የኛ ሻምበል እንዳይመስልሽ። ከምድር ጦር ኮሎኔል ጋር እኩል ነው፤ ቀጥሎ ያለው ደረጃ አድሚራልነት ነው።

መጀመሪያ የሚታየው የመጨረሻው ቢሮ ነው። ናቭሲ ማለት መርከቦችንና በላያቸው የሚገጠሙትን ሲስተሞች የሚገዛውና የሚያስጠግነው እዝ ነው፤ ዋና መሥሪያ ቤቱ ዋሽንግተን ኔቪ ያርድ ውስጥ ነው። የአውሮፕላኑ ናቭኤር ሜሪላንድ፣ ፓተክሰንት ሪቨር ላይ ነው። የመገናኛና የኔትወርኩ ናቭዋር ሳንዲያጎ ነው። የጦር መሣሪያ ምርምሩ ትልቅ ክፍል ደግሞ ዳልግረን፣ እዚሁ ቨርጂኒያ። አሁን የአንቺ ኩባንያ ገንዘብ የሚያገኘው ከየትኛው ነው? ሥራው ፓተክሰንት ሪቨር ሆኖ መኮንኖቹ ሁሉ የመርከብ ሰዎች ከሆኑ፣ አንድም ኩባንያው ወደ አዲስ ገዢ ሊሰፋ እየሞከረ ነው፣ አንድም ሰዎቹ የተሰበሰቡት በትውውቅ ነው። ስድስቱም ከአንድ ቢሮ ከሆኑ ደግሞ ሌላ ነገር ይነግርሻል። ኩባንያው የአንድ ገዢ ኩባንያ ነው። ያ ቢሮ በጀቱ የተቆረጠ ቀን ሦስት መቶው ሰው አብሮ ይናጋል።

ሁለተኛ የሚታየው፣ ሰውየው ያዝዝ ነበር ወይስ ይገዛ ነበር? መርከብ ማዘዝ ትልቅ ነገር ነው፣ ክብር ይገባዋል። ግን የመርከብ አዛዥ ኮንትራት አልጻፈም፣ ዋጋ አልተከራከረም፣ የዲዛይን ግምገማ ላይ ቁጭ ብሎ «ይህ ቁጥር ከየት መጣ?» ብሎ አልጠየቀም። የፕሮግራም ማናጀር ግን ይህን ሁሉ አድርጓል። ከ1990 ጀምሮ የግዢ ሠራተኞች ሥልጠናና የምስክር ወረቀት እንዲኖራቸው የሚያስገድድ ሕግ አለ፤ ፎርት ቤልቮር ላይ ለዚሁ የተቋቋመ የራሳቸው ዩኒቨርሲቲም አላቸው። ታሪኩ ውስጥ «የፕሮግራም ማናጀር»፣ «ፒኢኦ» (የብዙ ፕሮግራሞች የበላይ ኃላፊ)፣ «የግዢ ኃላፊ» የሚሉ ቃላት ካየሽ ሰውየው ገዢውን ከውስጥ ያውቀዋል።

ምሕንድስና ያውቃሉ ወይ ላልሽውም መልሱ እዚሁ ነው። ባሕር ኃይሉ ውስጥ ኢንጂነሪንግ ዲዩቲ ኦፊሰር የሚባሉ አሉ። የመርከብ ዲዛይን፣ ግንባታና ጥገና ሙያቸው ነው። በኑክሌር ሰርጓጅ መርከብ ላይ ያደጉትም የቴክኒክ ትምህርታቸው እንደ ቀልድ የሚታይ አይደለም። ካሊፎርኒያ፣ ሞንተሬይ ካለው የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤት በምሕንድስና የተመረቀ መኮንን፣ ወይም ፓተክሰንት ሪቨር ካለው የሙከራ አብራሪዎች ትምህርት ቤት የወጣ ሰው ሲያነጋግርሽ ሪኳየርመንትና ቬሪፊኬሽን (ሲስተሙ ምን ማሟላት እንዳለበት መወሰንና ማሟላቱን ማረጋገጥ) ምን እንደሆኑ ማስረዳት የለብሽም። በሌላ በኩል የፖለቲካ ሳይንስ ተምሮ በኦፕሬሽን ያደገም አለ። ጥሩ መሪ ሊሆን ይችላል። የቴክኒክ ክርክር ሲነሳ ግን በአንቺና በሥራ አስኪያጅሽ መካከል የሚዳኝ ሰው ፎቅ ላይ አይኖርም ማለት ነው።

ሦስተኛው ዓመተ ምሕረቱ ነው። ይህ ሁለት ትርጉም አለው።

አንዱ ሕግ ነው። ከመንግሥት የወጣ ሰው ራሱ ተሳትፎ የሠራበትን ኮንትራት በተመለከተ ኩባንያን ወክሎ መንግሥት ፊት መቅረብ ዕድሜ ልኩን አይችልም። በመጨረሻው የአገልግሎት ዓመቱ በሥሩ በነበሩ ጉዳዮች ላይ ደግሞ ለሁለት ዓመት ታግዷል። ጄኔራልና አድሚራል ከሆነ ከዚህ በላይ አለበት። በ2018ቱ የመከላከያ በጀት ሕግ መሠረት ባለ ሦስትና ባለ አራት ኮከብ ለሁለት ዓመት፣ ባለ አንድና ባለ ሁለት ኮከብ ለአንድ ዓመት ፔንታጎንን ሎቢ ማድረግ፣ ማለትም ለኩባንያ ጥቅም ማግባባት፣ አይችሉም። ከ10 ሚሊዮን ዶላር በላይ የሆነ ኮንትራት በፕሮግራም ማናጀርነት ያስተዳደረ ሰው ደግሞ ለአንድ ዓመት ከዚያው ኮንትራክተር ደመወዝ መቀበል ክልክል ነው። ስለዚህ ገጹ ላይ ያለው ሰው የወጣው አምና ከሆነ፣ ዋናው እሴቱ ገና ታስሮ ነው ያለው።

ይህ ሕግ በወረቀት ላይ ብቻ ያለ አይደለም። ዳርሊን ድሩየን የአየር ኃይል የግዢ ሁለተኛ ሰው ነበረች። ከ20 ቢሊዮን ዶላር በላይ የሚያወጣ የነዳጅ ጫኝ አውሮፕላን ውል ከቦይንግ ጋር እየተደራደረች፣ በጎን ከዚያው ከቦይንግ ጋር ስለ ራሷ ቅጥር ታወራ ነበር። በ2003 መጀመሪያ ቦይንግ ገባች። በ2004 ጥፋቷን አምና ዘጠኝ ወር ተፈረደባት። የቀጠራት የቦይንግ ፋይናንስ ኃላፊ አራት ወር ታሰረ፣ ዋና ሥራ አስፈጻሚው ሥራውን ለቀቀ፣ ኩባንያው በ2006፣ 615 ሚሊዮን ዶላር ከፈለ። የቅርቡ ደግሞ ይብሳል። ሮበርት በርክ ባለ አራት ኮከብ አድሚራል ነበር፤ በአውሮፓና በአፍሪካ ያለውን የአሜሪካ ባሕር ኃይል ያዝዝ የነበረ ሰው። 355,000 ዶላር የሚያወጣ የሥልጠና ኮንትራት ለአንድ ኩባንያ እንዲሰጥ አድርጎ፣ በምላሹ በዓመት 500,000 ዶላር የሚከፈልበት ሥራ ተቀበለ። በግንቦት 2025 ጥፋተኛ ተባለ፣ በመስከረም ስድስት ዓመት ተፈረደበት። ቁጥሮቹን እያቸው። ደመወዙ ከኮንትራቱ ይበልጣል። ይህን ያየ አቃቤ ሕግ ብዙ መድከም አያስፈልገውም።

ጥሩ ኩባንያ ይህን ስለሚያውቅ ከቀጠራቸው መኮንኖች እያንዳንዱ የቀድሞ መሥሪያ ቤቱ የሥነ ምግባር ቢሮ የሰጠው ደብዳቤ ፋይሉ ውስጥ አለ። ምን መንካት እንደሚችልና እንደማይችል የተጻፈበት ነው። ኢንተርቪው ላይ ይህን መጠየቅ አትችዪም፣ ደፋር ያስመስልሻል። ከገባሽ በኋላ ግን ስብሰባ መሀል «ይህ እኔን አይመለከተኝም» ብሎ ተነስቶ የሚወጣ ምክትል ፕሬዝዳንት ካየሽ ደስ ይበልሽ። ቤቱ ጤነኛ ነው።

ሁለተኛው የዓመተ ምሕረቱ ትርጉም ዕውቀት ያረጃል የሚለው ነው። ወታደር በሁለት በሦስት ዓመቱ ይዛወራል። ከስምንት ዓመት በፊት የወጣ ሰው የሚያውቃቸው ሁሉ ወይ ጡረታ ወጥተዋል ወይ ሌላ ቦታ ናቸው። ስልኩ ውስጥ ያለው የስም ዝርዝር ዋጋው ወርዷል። የሚቀረው የገዢውን አስተሳሰብ ማወቁ ነው፤ ይህ ግን ቶሎ አያረጅም።

ምን ማለቴ እንደሆነ ላሳይሽ። ፕሮፖዛል ሊገባ ጥቂት ሳምንት ሲቀረው ሬድ ቲም የሚባል ግምገማ አለ። ጽሑፉን ያልጻፉ ሰዎች ተሰብስበው ራሳቸውን በመንግሥት ገምጋሚ ቦታ አስቀምጠው ያነቡታል፣ ነጥብ ይሰጡታል። አንድ ጊዜ እኛ ስለ ሙከራ ዘዴያችን ገጽ በገጽ፣ በሥዕላዊ መግለጫ አሽሞንሙነን አቅርበን ነበር። ገምጋሚዎቹ መሀል አንድ ጡረተኛ ካፕቴን ነበር። ሁለት ገጽ አነበበና እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ይህን የምታነበው ሴትዮ ዘዴውን ከናንተ በላይ ታውቀዋለች፣ መመሪያውን የጻፈችው እሷ ናት» አለ። «ሥጋቷ ሌላ ነው። ኮንትራቱ በተቀየረ በመጀመሪያው ሰኞ ላቦራቶሪው ውስጥ ማን ይገኛል? እሱን የት ነው የጻፋችሁት?» የትም አልጻፍነውም ነበር። ሥዕሉ ወጣ፣ የስም ዝርዝርና የርክክብ ሰሌዳ ገባ። ያ ሰው ለማንም ስልክ አልደወለም። ደመወዙን ግን ያን ዕለት አገኘ። ስለ እንዲህ ዓይነት ሰዎች «በትውውቅ ነው የሚኖሩት» ሲባል ሁልጊዜ የማልስማማው ለዚህ ነው።

ከዚህ ሌላ ማዕረጉን ብቻ ይዘው የሚኖሩም አሉ፣ አልዋሽሽም። የሚታወቁት በሥራ መጠሪያቸው ነው። «ከፍተኛ አማካሪ»፣ «የስትራቴጂ አማካሪ»፣ «የአማካሪ ቦርድ አባል» የሚል ካየሽ፣ ብዙውን ጊዜ በወር ጥቂት ሰዓት የሚከፈለው ሰው ነው፤ ፎቶው ነው የተከራየው። የዳይሬክተሮች ቦርድ አባል በሕግ የሚጠየቅበት ኃላፊነት አለበት። የአማካሪ ቦርድ አባል ያ የለበትም። ከስድስቱ ስንቱ እንዲህ እንደሆኑ ቁጠሪ።

አሁን ወደ ትልልቆቹ ኮንትራክተሮች ልውሰድሽ፤ ንጽጽሩ ይጠቅምሻል። የነሱ አናት ላይ ያሉት ብዙዎቹ ጄኔራሎች አይደሉም። ጄኔራል ዳይናሚክስን ከ2013 ጀምሮ የመራችው ፊቢ ኖቫኮቪች በሲአይኤና በፔንታጎን የሲቪል ሥራ ያለፈች ናት። ኖርዝሮፕ ግራማንን በ2019 የተረከበችው ካቲ ዋርደን የመጀመሪያ ዲግሪዋ በኮምፒውተር መረጃ ሲስተም ነው። ሎክሂድ ማርቲንን በ2020 የያዘው ጂም ታይክሌት የአየር ኃይል አብራሪ ነበር፤ ግን የመጣው ከጦሩ አይደለም፣ የሞባይል ስልክ ማማዎች ከሚያከራይ ኩባንያ ነው። ጄኔራሎቹን የምታገኚያቸው ቦርዱ ላይ ነው። ጄኔራል ጄምስ ማቲስ ከመከላከያ ሚኒስትርነቱ በፊትም በኋላም የጄኔራል ዳይናሚክስ ቦርድ አባል ሆኗል። ጆሴፍ ደንፎርድ የጥምር ጦር አዛዦች ሊቀመንበርነቱን ካስረከበ በኋላ በ2020 ሎክሂድ ቦርድ ገባ። ሎይድ ኦስቲን በ2021 የመከላከያ ሚኒስትር ሲሆን ከሬይቲየን ቦርድ ነው የመጣው።

ትንንሾቹ ጋ ግን ነገሩ ይገለበጣል። እዚያ ቦርድ ብዙም የለም፤ መኮንኑ ራሱ ምክትል ፕሬዝዳንት ሆኖ ሥራ ይሠራል። በዚህ ደረጃ እኔ ከጄኔራል ይልቅ ኮሎኔል እመርጣለሁ። ኮሎኔሉ ሰነዱን በእጁ ሠርቶታል። ጄኔራሉ ለዓመታት ሌላ ሰው ሲያዘጋጅለት ነው የኖረው፤ ሦስት መቶ ሰው ያለው ኩባንያ ደግሞ የሚያዘጋጅለት ሰው የለውም።

ስለ መሥራቹ ልጨምርልሽ። የዚህ ሰፈር ትልልቅ ኩባንያዎች ብዙዎቹ የተጀመሩት በሙያ ሰዎች ነው። ሲኤሲአይን በ1962 ከኸርብ ካር ጋር ያቋቋመው ሃሪ ማርኮዊትዝ ነው፤ በኋላ በ1990 የኢኮኖሚክስ ኖቤል የተሸለመው ሰው። ኤስኤአይሲን በ1969 የጀመረው ሮበርት ቤይስተር የኑክሌር ፊዚክስ ሰው ነበር፤ ኩባንያውንም ለረጅም ዘመን የሠራተኞቹ ንብረት አድርጎ ነው ያሳደገው። መሥራቹ ገጹ ላይ እስካለ ድረስ ይህ መንፈስ ይኖራል። የአንቺ ላይ ግን አንድ ከኢንቨስትመንት ድርጅት የመጣ ሰው አለ። ይህ ከስድስቱ መኮንኖች የበለጠ ትኩረት የሚገባው ነው። እንዲህ ያሉ ድርጅቶች ኩባንያ የሚገዙት ለማቆየት አይደለም፤ አሳድገው፣ ከሌላ ጋር አዋህደው፣ በጥቂት ዓመት ውስጥ ለመሸጥ ነው። በ1968 የተመሠረተው ማንቴክ የተባለ ኮንትራክተር እንኳ በ2022 በ4.2 ቢሊዮን ዶላር ካርላይል ለተባለ የኢንቨስትመንት ድርጅት ተሽጧል። ሽያጭ ሁልጊዜ ክፉ አይደለም። ግን የጤና መድኅንሽ፣ የጡረታ መዋጮሽ፣ አለቃሽም ሊቀየር ይችላል። መሥራቹ አሁንም ዋና ሥራ አስፈጻሚ ነው ወይስ «ሊቀመንበር ኤመሪተስ» (የክብር ሊቀመንበር) ተብሎ ጥግ ይዟል? ሁለተኛው ከሆነ ሽያጩ ወይ ሆኗል ወይ ተቃርቧል።

የሠራተኛው ቁጥርም አንድ ነገር ይለኛል። መንግሥት ለትንንሽ ኩባንያዎች ብቻ የሚያወጣቸው ጨረታዎች አሉ። ለወታደራዊና ለኤሮስፔስ የምሕንድስና አገልግሎት የትንሽነቱ ጣሪያ በአምስት ዓመት አማካይ 47 ሚሊዮን ዶላር ዓመታዊ ገቢ ነው። ሦስት መቶ ሰው የሚያሠራ ኩባንያ ይህን ጣሪያ ወይ አልፎታል ወይ እየነካው ነው። ያን ጊዜ ከትንንሾቹ ጋር መወዳደር አይችልም፣ እንደ ሌይዶስና ቡዝ አለን ካሉ ግዙፍ ኮንትራክተሮች ጋር ለመወዳደር ደግሞ አቅም የለውም። ብዙ ኩባንያ የሚሞተው ወይ የሚሸጠው እዚህ ላይ ነው። መኮንን በብዛት መቅጠርም የሚጀምረው ያኔ ነው። እስከዚያ ሥራ ያመጣለት የነበረው የትንሽነት ምስክር ወረቀቱ ነበር፣ አሁን ሰው ያስፈልገዋል። ስድስቱ መኮንኖች የተቀጠሩት በየትኛው ዓመት እንደሆነ ሊንክዲን ላይ እዪ። አራቱ ባለፉት ሁለት ዓመታት ከገቡ እኔ የምጠረጥረው ይህን ነው።

እዚህ ላይ የኛን ሰዎች የሚነካ ነገር አለና ልጥቀስ። የትንሽ ቢዝነስ አስተዳደሩ «ኤይት ኤ» የሚለው ፕሮግራም አለ። ቢያንስ 51 በመቶው በማኅበራዊና በኢኮኖሚ ወደኋላ በቀረ የአሜሪካ ዜጋ የተያዘ ኩባንያ ለዘጠኝ ዓመት በተለየ መንገድ ኮንትራት ሊያገኝ ይችላል። በአገልግሎት ላይ ጉዳት ለደረሰባቸው የቀድሞ ወታደሮችም ሌላ መስመር አለ። መሥራቹ በዚህ በኩል አድጎ ከሆነ ዘጠኙ ዓመት መቼ እንዳለቀ ማወቅ ይጠቅማል።

ገጹ ላይ ማን እንደሌለም ተመልከቺ። እኔ የማየው ዋና ኢንጂነር ወይም የቴክኖሎጂ ኃላፊ አለመኖሩን ነው። ዘጠኝ ሰው ተዘርዝሮ ከመሥራቹ በቀር አንድም ቴክኒካል ሰው ከሌለ፣ ያ ቤት ኢንጂነርን የሚያየው በሰዓት እንደሚከፈል ሰው ብቻ ነው። ሌላዋ የማትታየው የደኅንነት ኃላፊዋ ናት፣ ኤፍኤስኦ የሚሏት። ምስጢራዊ ሥራ የሚሠራ ኩባንያ ውስጥ ቢያንስ በሦስት ኃላፊነቶች ላይ ያሉት የግድ ክሊራንስ ሊኖራቸው ይገባል፤ ከፍተኛው ኃላፊ፣ ኤፍኤስኦው፣ እና የውስጥ ሥጋት መከላከያ ኃላፊው። ሌሎች አለቆች በጽሑፍ ራሳቸውን አግልለው ያለ ክሊራንስ መቀመጥ ይችላሉ። ላንቺ ከስድስቱ መኮንኖች ይልቅ በመጀመሪያው ዓመት የምታስፈልግሽ ኤፍኤስኦዋ ናት፣ ምክንያቱም የክሊራንስ ፎርምሽን የምታስኬደው እሷ ናት።

ስለዚሁ ፎርም አንድ ነገር ልበል፣ ከጥያቄሽ ውጭ ቢሆንም። ኤስኤፍ 86 ላይ አዲስ አበባ ያሉ ወላጆችሽን፣ ወንድም እህቶችሽን፣ በስምሽ ያለ ቤት ወይም መሬት ካለ እሱን ሁሉ ትጽፊያለሽ። የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ፣ ያ ቢጫ ካርድ፣ ካለሽም ለኤፍኤስኦዋ ከመጀመሪያው ንገሪያት። ዘመድ ውጭ አገር መኖሩ በራሱ ክሊራንስ አያስከለክልም። መደበቅ ግን ያስከለክላል። ስንቱ የኛ ልጅ «ምን አስቸገረኝ» ብሎ የተወው አንድ መስመር ነው በኋላ ያስጨነቀው።

ወደ ላይ መድረስ ይቻላል ወይ ላልሽው፣ ይቻላል። ቡዝ አለንን ከ2015 ጀምሮ የሚመራው ኦራሲዮ ሮዛንስኪ አርጀንቲና ተወልዶ ያደገ ነው፤ ኩባንያው ውስጥ የገባው በተለማማጅነት ነው። መንገዱ ግን በላቦራቶሪ በኩል ብቻ አያልፍም። በዚህ ሙያ ወደ አመራር የሚወጣው ኢንጂነር ሁለት ነገር ያደረገ ነው። አንደኛ፣ ከቴክኒክ ሥራ ወደ ፕሮግራም ማናጀርነት ተሻግሮ የኮንትራቱን በጀት በእጁ ይዟል። ሁለተኛ፣ ቅዳሜና እሑዱን ሰውቶ ፕሮፖዛል ጽፏል። ሌላው ሁሉ የሚሸሸው ሥራ ነው፣ አሰልቺ ነው፣ ትርፍ ሰዓት አይከፈልበትም። ግን አለቆቹ ሁሉ የሚገኙበት ክፍል እሱ ነው። ሬድ ቲም ላይ ያ ካፕቴን «ይህን ክፍል ማን ጻፈው?» ሲል እጅሽን የምታነሺ ከሆነ፣ በሚቀጥለው ጨረታ ስምሽን ጠርቶ ይፈልግሻል። ወታደር አለመሆንሽ ለንግድ ልማት ኃላፊነት ያስቸግርሽ ይሆናል፤ ለቴክኒክ ኃላፊነት ግን አያስቸግርም፣ በተለይ ያ ወንበር ገጹ ላይ ባዶ ከሆነ።

አሁን ከመፈረምሽ በፊት የምታደርጊውን ልንገርሽ። ደብዳቤውን አውጥተሽ «ኮንትራቱ ሲገኝ» የሚል ቃል ካለበት እዪ። ካለበት፣ ገና ሥራው የለም ማለት ነው፤ ሪዙሜሽን ለጨረታው ፈልገውት ነው። ካሸነፉ ትገቢያለሽ፣ ካልሆነ በቃ። ከዚያ ዩኤስኤ ስፔንዲንግ የሚባለውን የመንግሥት ድረ ገጽ ክፈቺና የኩባንያውን ስም ጻፊ፤ ነጻ ነው። ከየትኛው ቢሮ ስንት ዶላር እንደሚያገኝ፣ በትንሽ ቢዝነስ መስመር ያገኘው እንደሆነና እያንዳንዱ ኮንትራት መቼ እንደሚያልቅ ይታይሻል። አንቺ የምትመደቢበትን ኮንትራት ቁጥር ቀጣሪዋን ጠይቂያት፤ ይህ ምስጢር አይደለም። ብዙውን ጊዜ አንድ መነሻ ዓመትና አራት የማራዘሚያ ዓመታት ነው የሚኖረው። ስንተኛው ላይ እንደሆነ ቁጠሪ። አራተኛው ማራዘሚያ ላይ ከሆነ ሥራው በቅርቡ እንደገና ለጨረታ ይወጣል፤ ይህ ሪኮምፒት ይባላል። ያኔ ለኢንተርቪው አድራጊው የምታቀርቢው ጥያቄ ይህ ነው፤ «ሪኮምፒቱን ከአመራሩ ማን ነው የሚመራው? ብንሸነፍስ እኔን ወደ የትኛው ኮንትራት ታዛውሩኛላችሁ?» ስም ጠርቶ ከመለሰልሽና ያ ስም ገጹ ላይ በግዢ ሥራ ካደጉት አንዱ ከሆነ ፈርሚ። «እሱን ጊዜው ሲደርስ እናየዋለን» ካለሽ ግን ሌላም ቦታ ማመልከትሽን አታቋርጪ።